ጅብ «ስሜ ጠፋ» ብሎ አይከስም

ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሩሲያ ተምረው፣ የአውሮፓን ቴአትር አይተው የመጡ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ ላይ «ቴአትር» የሚባለው ዘፈንና ጭፈራ ሆኖ ቢያገኙት በ1913 ዓ.ም. ግድም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጻፉ። ተናጋሪዎቹ በላ ፎንቴን ተረቶች ዐይነት አውሬዎች ናቸው። የአንድም ባለሥልጣን ስም አልተነሣም። ቤተ መንግሥቱ ግን ተቆጣ፤ ትርኢቱ ታገደ፣ ቴአትርም እስከ 1923ቱ የዘውድ በዓል ድረስ ጠፍቶ ከረመ። ጅብ «ስሜ ጠፋ» ብሎ አይከስም። የተቆጣው «ይህ አውሬ እኔን ይመስላል» ያለ ሰው ነው።

የስላቅ ጸሐፊ ትልቁ ሥራ ይኸው ነው፦ ክሱን ራሱ ሳያቀርብ ተከሳሹ ተነሥቶ እንዲቆም ማድረግ።

አዝማሪ ቤት ነገሩ በሌላ መልክ ይሠራል። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ይደግመዋል። ተነካሁ ባይ ማንን ይያዝ? ሰጪው «እኔ መቼ ዘፈንኩ» ይላል፤ አዝማሪው «ቃሉ የጌታዬ ነው» ይላል። አዝማሪው ራሱ ሲገጥም ደግሞ በመጀመሪያው ስንኝ ከረባትዎን ያሞግሳል፤ በሁለተኛው ማን እንደገዛልዎት ይጠይቃል። ያም ሆኖ ብሩ ግንባሩ ላይ ይለጠፍለታል።

ጽሑፍ ላይ ማሲንቆም ጭንብልም የለም፤ ያለው የዓረፍተ ነገሩ ፊት ብቻ ነው። ጀማሪ «ሥራ ጠል ኃላፊ» ብሎ ይጽፋል። ይህ ስድብ ነው፤ አንባቢም ራሱን ነቅንቆ ያልፈዋል። የበሰለው ግን እንደ ዜና አንባቢ ኮስተር ብሎ እንዲህ ይላል፦ «ኃላፊው ‹የባለጉዳይ እንግልት እንዴት ይቀረፍ› በሚል ርዕስ ከጠዋት ጀምሮ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ባለጉዳዮቹም ውጤቱን በረንዳ ላይ ቆመው እየተጠባበቁ ነው።» ክፉ ቃል አልወጣውም። ኃላፊውን የሚያጋልጠው በረንዳው ነው። «ያሳዝናል» የምትል አንዲት ቃል ብትጨመር ግን ፍርዱ ከአንባቢው እጅ ይነጠቃል።

ዛሬ ችግሩ ይህ ኮስታራነት ነው። ጽሑፉ ፌስቡክ ላይ ተቆርጦ ከጸሐፊው ስም ተለይቶ ሲዞር እውነተኛ ዜና ይሆናል። አንዳንድ አዘጋጆች «ቀልድ ነው» የሚል ማሳሰቢያ ይለጥፉበታል፤ ይህ ከማረም ይልቅ መግደል ነው። አንድ ፈጽሞ የማይሆን ነገር ጣል ማድረግ ይሻላል፤ ለምሳሌ፣ «ከባለጉዳዮቹ ሁለቱ በረንዳው ላይ እንዳሉ ጡረታ ወጥተዋል»። መዝገብ ቤት ደጅ የጠና አንባቢ ግን ይህንንም ያምን ይሆናል።