ስልኩ ትሪው ላይ ሲንቀጠቀጥ

ባለፈው ዓርብ ሩዊ በተከራየነው አዳራሽ እህቶቻችን ያሳዩትን አጭር ቴአትር ያያችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ያላያችሁትም ወሬው ደርሷችኋል። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ተዋናዮቹ ነው። እኔ ስለ ድምፁ ልጻፍ። ያን ቀን ያስፈራን የሰማነው ነገር ነበርና። ደግሞም አንዲት እህታችን መሀል ላይ እያለቀሰች ወጥታለች፤ ይሄን እንዳላየ ማለፍ አልቻልኩም።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንዲት ልጅ አዲስ ቤት ገብታ የመጀመሪያ ሌሊቷን ታድራለች። መድረኩ ላይ ያለው ፍራሽ፣ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛና አንድ የብረት ትሪ ብቻ። መብራቱ ሲጠፋ የአዳራሹ ኤሲ እያጉረመረመ ነበር፤ ማናችንም ልብ አላልነውም። እዚህ አገር የኤሲ ድምፅ እንደ ራሳችን ትንፋሽ ነው፣ ማን ይሰማዋል? ከዚያ ድምፁን የያዘችው ልጅ ኤሲውን አጠፋችው። በቃ፣ ሌላ ምንም አላደረገችም። ጆሯችን ሳናዘው ተከፈተ። ወንበር ሲንቋቋ፣ ከኋላዬ ያለችው ምራቋን ስትውጥ ሁሉ ተሰማኝ። በጨለማ እንዲህ ጸጥ ሲል ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን መጠበቅ ይጀምራል፤ ገና ምንም ሳይመጣ ፈርቶ ያልቃል።

ያኔ ትሪው ላይ የተቀመጠው ስልክ ተንቀጠቀጠ። ድዝዝዝ። በስፒከር አይደለም፤ እውነተኛ ስልክ፣ እውነተኛ ትሪ። ግማሹ አዳራሽ እጁን ወደ ቦርሳው ሰደደ! እኔም ሰድጃለሁ። የሳቁም ነበሩ፣ ሳቁ ግን ቶሎ ቆመ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከአገር ቤት የሚደወል ስልክ ምን ሊሆን እንደሚችል የማታውቅ በመካከላችን የለችም። ሰፈር ውስጥ በማለዳ የእድር ጡሩንባ ሲነፋ፣ ነፊው የሟቹን ስም እስኪጠራ ድረስ እናቶቻችን ትንፋሻቸውን ይዘው እንደሚቆሙት ማለት ነው። ስሙ ከተጠራ በኋላ ሐዘን ነው። ፍርሃቱ ከዚያ በፊት ያለችው ደቂቃ ላይ ነው።

ብልሃቱ የቆየ ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው የሼክስፒር «ማክቤዝ» ንጉሡ ሲገደል ተመልካቹ አያይም። የጉጉት ጩኸት ይነሳል (እኛም አገር ጉጉት በደግ አትነሳም)፣ ቀጥሎ የውጭው በር ይንኳኳል፤ ደጋግሞ። ቶማስ ደ ኩዊንሲ የተባለ እንግሊዛዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1823 ስለዚህ መንኳኳት ብቻ አንድ ጽሑፍ ጽፏል። እንደ እሱ አባባል፣ በሩ ሲንኳኳ የተለመደው ኑሮ ተመልሶ መግባት ይጀምራል፤ ምን ያህል አሰቃቂ ነገር እንደተሠራም የሚሰማን ያኔ ነው። ለንደን ውስጥ ከ1989 እስከ 2023 በፎርቹን ቴአትር የታየው «ዘ ውማን ኢን ብላክ» ላይም ፈረስና ጋሪ ረግረግ ውስጥ ሲሰጥሙ በድምፅ ብቻ ነው የሚታወቀው። መድረኩ ላይ ፈረስ የለም።

የእኛዎቹ የተሳሳቱት ሁለተኛው ክፍል ላይ ይመስለኛል። ጥፊውና ጩኸቱ ከኢንተርኔት የወረደ ነበር፤ በሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ለቀቁብን። ማዳም የቆመችው በግራ፣ ጥፊው የመጣው ከጣሪያ! ጆሮ ደግሞ ውሸት ያውቃል። አዳራሹም ግድግዳውና ወለሉ ልሙጥ ስለሆነ ድምፁን እያስተጋባ አደበላለቀው። ድንገተኛ ከፍተኛ ድምፅ ያስበረግጋል እንጂ ከመበርገግ በኋላ የሚቀር ነገር የለውም። አጠገቤ የነበሩት ጆሯቸውን ይዘው መሳቅ ጀመሩ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ሳቅ መስማት እኔን አሳዝኖኛል።

አሁን ወደ ወጣችው እህቴ ልምጣ። ተከትያት ወጣሁ። ጩኸቱ ነው ያስለቀሳት ብዬ ነበር። «አይደለም እቴ፣ ቁልፉ ነው» አለችኝ። ልጅቷ ከተኛች በኋላ ከመጋረጃው ጀርባ ቀስ ብሎ አንድ ቁልፍ ዞሮ ነበር፤ ቀጭ። እሷ የመጀመሪያ ቤቷ ውስጥ ከውጭ ይቆለፍባት ነበር፤ ከዚያ በኋላ የታየውን ሁሉ አልሰማሁም አለች።

ምን ልበላችሁ፣ ያን ቁልፍ እኔ በልቤ እያደነቅሁ ነበር። ከሁሉ ትንሹ፣ ከሁሉ እውነተኛው ድምፅ እሱ ነው። ይውጣ ማለት አልችልም፤ ቁልፉ ከወጣ ቴአትሩ ውሸት ይሆናል። ግን የለንደን ተመልካች የሚፈራው ትኬት ቆርጦ፣ ወድዶ ነው፤ ከእኛ መካከል ደግሞ ያን ፍርሃት ከቤት ይዛ የመጣች አለች። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት ምን እንደሚሰማ በሩ ላይ ይነገረን። የጎን በሩ ክፍት ይሁን፣ ትንሽ መብራትም ይብራበት። ከቁልፉም በኋላ ማረፊያ ስጡን። ሼክስፒር እንኳ ከዚያ ሁሉ መንኳኳት ቀጥሎ የሚያስገባው እየተነጫነጨ የሚያስቅ ሰካራም በረኛ ነው። የእኛ ቴአትር ግን ከቁልፉ ቀጥታ ወደ ጥፊው ሄደ።

አዘጋጆቹ ሊደግሙት እንዳሰቡ ሰምቻለሁ። ለዚያች እህቴ ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና በሩ አጠገብ ወንበር ከያዝኩላት እንደምትመጣ ነገረችኝ።