መሃለኛዋ ጨርቅ

አሜሪካውያን ኩዊልት የሚሉት ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሚገጣጠም ድርብ የአልጋ ልብስ ዓይነቱ ብዙ ነው። እኔን የሚገርመኝ ቼክ ጨርቅ መስሎ የሚሰፋው ነው። ከሩቅ ሲያዩት ሸማኔ የሠራው ይመስላል። ጠጋ ሲሉ ግን ከቼኩ ምንም የለም፤ ያሉት ሦስት ጨርቆች ብቻ ናቸው፦ ጥቁር ሰማያዊ፣ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊና ነጭ።

ምስጢሩ ድርና ማጉ ላይ ነው። በእውነተኛው ቼክ ሰማያዊ ድር ከሰማያዊ ማግ ሲገናኝ ይጠቁራል፤ ከነጭ ማግ ሲገናኝ ይፈዛል፤ ነጭ ከነጭ ሲገናኝ ያው ነጭ ነው። ሰፊዋ ይህንኑ በመቀስና በመርፌ ትኮርጀዋለች። እናም ለምሳሌ ከ64 ካሬ ቁራጮች ውስጥ 16ቱ ጥቁር ሰማያዊ፣ 16ቱ ነጭ፣ 32ቱ ፈዛዛ ይሆናሉ። መሃለኛዋን፣ ማለትም ፈዛዛዋን ጨርቅ፣ ከሌሎቹ እጥፍ አድርጎ ያልገዛ ሥራው መንገድ ላይ ይቀርበታል።

ፈተናውም እሷን መምረጥ ነው። ወደ ጥቁሩ ካደላች ቼኩ ይዋጣል፤ ወደ ነጩ ካደላች ደግሞ ነጭ ላይ የተበተኑ ጥቁር ካሬዎች ብቻ ይታያሉ። ሱቅ ውስጥ ዓይንን ጠበብ አድርጎ ማየት ይረዳል። ከዚያ የሚሻለው ሦስቱን ጎን ለጎን ዘርግቶ በስልክ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ማንሳት ነው፤ ቀለም ያታልላል፣ ግራጫ አያታልልም። ትልልቅ አበባ ያለበትን ጨርቅ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ይለፉት። ሲቆራረጥ አንዱ ካሬ አበባ ብቻ፣ ሌላው ባዶ ይሆናል።

በሰማያዊው ፈንታ ቀይ ካማረዎት ግን ሳይቆርጡ በፊት ይጠቡት፤ ቀለሙን ነጩ ላይ ሊለቅ ይችላል።