ቀለሃ ከመቅለጡ በፊት

ከተኩስ ሜዳ የሚለቀመው የናስ ቀለሃ 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ ነው። ቅይጡ ጨርሶ ለመቅለጥ ወደ 950 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋል፤ ዚንክ ብቻውን ግን በ907 ዲግሪ ይተንናል። እሳት ያበዛ ቀላጭ ዚንኩን በነጭ ጭስ ይሸኘዋል፤ ጭሱን የሳበም ሰው ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይይዘዋል። ይህን መግራት ሙያ ነው፤ ግን የማንኛውም ናስ ቀላጭ ሙያ ነው። የቀለሃን ሥራ ከሌላው የሚለየው፣ ከብዙ ሺህ ባዶ መካከል አንድ የከሸፈ ጥይት ተቀላቅሎ ሊገኝ መቻሉ ነው። ስለዚህ የዚህ ሙያ እምብርት ምድጃው ሳይሆን ምርመራው ነው እላለሁ።

የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር መመሪያ ይህንኑ ያጸናል። ከተኩስ ሜዳ የመጣ ቀለሃ ለሽያጭ ከመውጣቱ በፊት አንዱ መርማሪ ሁሉንም ያያል፤ ሌላው፣ የመጀመሪያውን ፍርድ ሳይከተል፣ እንደገና ሁሉንም ያያል፤ ሁለቱም ይፈርማሉ። «ያልተተኮሰውን የሚያፈነዳ ወፍራም ግድግዳ ያለው ተሽከርካሪ ምድጃ እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚሉ አሉ። ምድጃው ባሩዱን ያቃጥላል፤ ናሱን ከብረቱ ግን አይለይም። ከክላሽ ቀለሃ ብዙው መዳብ ወይም ቀለም የተቀባ ብረት ስለሆነ፣ የሚያጋልጠው ማግኔት የያዘ እጅ ነው። በምድጃ ያለፈ ቀለሃም ስለሚለሰልስ ዳግም ባሩድ ተሞልቶ ሊተኮስ አይችልም። የምርመራው ወጪ ይከብዳል ለሚሉት ደግሞ መልሱ ከገበያው ይገኛል፤ ተመርምሮ ሳይጨፈለቅ የቀረ ቀለሃ ከቁርጥራጭ ናስ የተሻለ ዋጋ ያወጣል። ለዚህ ማሳያ አለ፤ በመጋቢት 2009 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የጦሩ ቀለሃ ሁሉ ተጨፍልቆ ይሸጥ ተብሎ ነበር። ጥይት መልሰው የሚሞሉ ሰዎች ተቃወሙ፤ የሞንታናዎቹ ሴናተሮች ማክስ ባውከስና ጆን ቴስተርም ጣልቃ ገቡ፤ ውሳኔው ብዙም ሳይቆይ ተሻረ።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚያሳስበኝ እሳቱ ትንሽ በሆነበት ቦታ ነው። በእንጦጦ አካባቢ ከቀለጠ ቀለሃ ዶቃና የአንገት ጌጥ የሚሠሩ እናቶች አሉ፤ ሥራቸው ያማረ ነው፣ ገበያውም ባሕር ተሻግሯል። በእንዲህ ያለ አነስተኛ የማቅለጫ ቤት ግን ፍንዳታ የሚመልስ ግድግዳ የለም። በብዙ ጥይቶች መለኮሻ ውስጥ ደግሞ እርሳስ ያለበት ቅመም አለ፤ መለኮሻው ከቀለሃው ቂጥ ካልወጣ እርሳሱ ለቀላጩ ሳንባ ይተርፋል። «የተተኮሰ ነገር ምን ያደርጋል?» የሚለው ልማድ እዚህ አይሠራም። ቀለሃውን የሚያስረክበው ጦር መርምሮ፣ መለኮሻውን አውጥቶ፣ በፊርማ ያስረክብ፤ ቀላጩም ፊርማ የሌለበትን ጆንያ አይቀበል።