ዓይኑ ዐ እና አልፋው አ፦ ስለ ስም ቆጠራ

የስም ቆጠራ መጽሐፍ የሆነውን ዐውደ ነገሥትን ግማሹ ጥንቆላ ነው ብሎ ሳይከፍተው ያወግዘዋል፤ ግማሹ የአባቶች ጥበብ ነው ብሎ ሳይመረምረው ያሞግሰዋል። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው ገጠር ግን መጽሐፉን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰውም ትዳር ሲፈርስ «ኮከባቸው አልገጠመም» ይላል። በቋንቋችን ይህን ያህል የሰረጸ ነገር ከውግዘትና ከውዳሴ የተሻለ ንባብ ይገባዋል። ንባቡም ከትንቢቱ ሳይሆን ከፊደሉ መጀመር አለበት።

የስም ቆጠራው ስሌት የታወቀ ነው። የባለጉዳዩና የእናቱ ስም በፊደል ዋጋ ይደመራል፤ ድምሩ በ12 ይገደፋል፤ ትራፊው ኮከቡን ይነግራል፦ 1 ሐመል፣ 2 ሰውር፣ 3 ገውዝ፣ 4 ሸርጣን እያለ እስከ ሑት። የኮከቦቹ ስሞች ከዐረብኛ የመጡ ናቸውና «ከማንም ያልተወሰደ የአባቶች ጥበብ» የሚለው ሙገሳ እዚሁ ላይ ይወድቃል። ፊደልን ከዕጣ ጋር ማዛመድም የእኛ ብቻ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ጸሐፊ ኤሊፋስ ሌቪ ታሮት ከሚባሉት የዕጣ ካርዶች 22ቱን ዋና ዋናዎች ከ22ቱ የዕብራይስጥ ፊደላት ጋር አጣምሯል። ዳዊት የደገመ ሰው እነዚያኑ ፊደላት ከመዝሙር 118 ያውቃቸዋል፦ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል። ሌቪ ግን ፊደሉን በሥዕል ላይ ለጠፈው፤ በእኛ ቆጠራ ካርዱ ራሱ የሰውየው ስም ነው።

ስም ካርድ ከሆነ ዘንድ አጻጻፉ ሁሉን ይወስናል። «ዓለሙ»ን እንውሰድ። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ በዓይኑ ዐ ይጽፈዋል፤ ሌላው በአልፋው አ። ጆሮ አይለያቸውም። ለማሳያ ያህል የሀ ለ ሐ መን ተራ ብንከተል አ 13ኛ፣ ዐ 16ኛ ነው፤ የሦስት ልዩነት ሐመል የነበረውን ሸርጣን ያደርገዋል። ንጉሡ ሠ 5ኛ፣ እሳቱ ሰ 7ኛ ነው። ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀም እንዲሁ ይራራቃሉ። በጸሐፊ ብዕር የሚለወጥ ዕጣ ዕጣ አይደለም፤ ስለዚህ ቆጠራው እንደ ትንቢት አይቆምም። እንደ ፊደል ሥርዓት ግን ጉድለቱ ራሱ የፊደል ልዩነት ዋጋ እንዳለው ምስክር ነው። በቅኔ ቤት ሠረቀ «ወጣ»፣ ሰረቀ ደግሞ «ሌባ ሆነ» ነው፤ ያለ ልዩነቱ ምሥጢሩ ይጠፋል። የዋሸራ ቅኔ ቤት ሊቃውንት ይህን ልዩነት ለተማሪ አቆዩት። ቅኔ ቤት ያልገባው ገበሬ ግን ፊደል ዋጋ እንዳለው የሰማው ከስም ቆጣሪው ደጃፍ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልቤን ይነካዋል። ስማችን ከአባት ወደ አያት ይወጣል፤ እናት በሐረጉ ውስጥ የለችም። ቆጣሪው ግን «የእናትህ ስም ማን ነው?» ሳይል ብዕር አያነሳም። ኮከቡን አላምንበትም፤ በዚያች ጥያቄ ፊት ግን ባርኔጣዬን አወልቃለሁ። የስም ቆጣሪዎችን ማስታወሻ የሚያጠና ሰው ኮከቦቹን ይለፋቸውና በየገጹ የሰፈሩትን የእናቶች ስም፣ እያንዳንዱን በየትኛው ፊደል እንደተጻፈ ይልቀም።