መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ይውጣልኝ በሉ

የጭረት ማጥፋት ሥራን ጋራዥ ውስጥ ቆሞ የሚረከብ ሰው ሳያይ ነው የሚከፍለው። የፍሎረሰንት መብራት በየአቅጣጫው ስለሚበተን ስሱን ጭረት ሁሉ ይሸሽገዋል። መኪናው ደጅ ወጥቶ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን የሠራተኛው እጅ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰማዩ ከደመነ የስልካችሁን መብራት አብሩና ቀለሙ ላይ የሚያርፈውን ነጸብራቅ ዙሪያውን ተመልከቱ። የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ መስመር ካለ አሸዋ በያዘ ጨርቅ ታሽቷል። እናንተ ስትራመዱ አብሮ የሚሄድ ሞገድ መሳይ ጥላ ካያችሁ ደግሞ ማሽኑ በሻካራው ኮምፓውንድ ሄዶ በለስላሳው ፖሊሽ ሳይጨረስ ቀርቷል። ለእኔ ከሁሉ የሚብሰው ይሄኛው ነው፤ ባለቤቱ አንድ ጭረት ሰጥቶ ሺህ ተቀብሏል።

ለመሆኑ ጭረት እንዴት ነው የሚጠፋው? በአሁኑ ጊዜ መኪና ላይ ከላሜራው በላይ አንቲሩጂን፣ ከዚያ ቀለሙ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ክሊር የሚባለው ግልጽ ሽፋን አለ። የክሊሩ ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ ከአንድ የራስ ጸጉር ይቀጥናል። ፖሊሽ ጭረቱን አይሞላም፤ ዙሪያውን ፍቆ ከጭረቱ ወለል ጋር ያስተካክላል እንጂ። እያንዳንዱ ፖሊሽ ታዲያ ከክሊሩ ላይ የሚቀነስ ነው፤ ክሊሩ ደግሞ ቀለሙን ከፀሐይ የሚከላከለው ጋሻ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ፣ ውጭ ለሚያድር መኪና ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ እኔ ጥሩ ሠራተኛን የምለየው በተወው ጭረት ነው። ጥፍራችሁን በጭረቱ ላይ አሳልፉ፤ ጥፍር ከያዘ ፖሊሽ አያጠፋውም። አዋቂው ይህን አስቀድሞ ይነግራችኋል፤ የጭረቱን ጠርዝ አለስልሶ ብርሃን እንዳይይዝ ያደርገዋል እንጂ እስኪጠፋ አይፍቀውም። ነጩ አንቲሩጂን ከታየ በቀጭን ብሩሽ ቀለም ይነካካዋል። ይህንንም ሁለት እርምጃ ርቃችሁ ፍረዱ፤ አፍንጫውን አስጠግቶ የሚመረምር ደንበኛ ሁልጊዜ ቅር ይለዋል። ሜታሊክ ቀለም ላይ በተለይ፣ ብልጭልጩ በብሩሽ ሲቀባ እንደ ፋብሪካው ስለማይተኛ ከአንዱ አቅጣጫ ቢመሳሰል ከሌላው ይጠቁራል። “ምንም አይታይም” ብሎ የሚምል ሰው ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን አትስጡ።

ማታለያም አለ። ዘይትነት ያለው መወልወያ ስስ ጭረቶችን ሞልቶ መኪናውን እንደ አዲስ ያንቦገቡገዋል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠብ ሁሉም ተመልሶ ይመጣል። ሳትከፍሉ በፊት በውሃ የቀጠነ አልኮል ንጹሕ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ የተሠራውን ቦታ ጥረጉበት። ሠራተኛው ፊቱን ካጠቆረ መልሱን አገኛችሁ።

ከዚያ ወደ ጠርዞቹ ሂዱ፦ የኮፈኑ ጫፍ፣ የበሩ ዳር፣ በጎን የሚሄደው የላሜራ እጥፋት። እዚያ ቀለሙ ስስ ስለሆነ ማሽን ቶሎ ይበላዋል። የደበዘዘ ወይም ቀለሙ የተለወጠ መስመር ካለ ክሊሩ አልቋል፤ መፍትሔው እንደገና መቀባት ብቻ ነው። ፕላስቲኩና ጎማው ላይ የደረቀ ነጭ ፖሊሽ መቅረቱ ጉዳት ባይሆንም፣ ወረቀት ፕላስተር ሳይለጥፍ የጀመረ ሰው ሌላም ነገር ዘሏል ብዬ እጠረጥራለሁ።

አንድ ነገር ግን በከንቱ እንዳያስደነግጣችሁ። ክሊር የሌላቸው የድሮ መኪኖች ሲወለወሉ ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ይዞ ይወጣል፤ ሰማያዊ ከሆነ ሰማያዊ፣ ቀይ ከሆነ ቀይ። በእነሱ ላይ ያለ ነው። ክሊር ያለው መኪና ላይ ግን ጨርቁ ቀለም ይዞ ከመጣ ማሽኑን ወዲያው አስጠፉ።