ከመስቀሉ በፊት የሚመጣ ጥያቄ

የንስሐ ልጄ መጥቶ «አባቴ፣ መንፈስ ያስቸግረኛል» ሲለኝ መስቀሌን ለማንሣት አልቸኩልም። እንቅልፍህ እንዴት ነው? እህል ይወርድልሃል? ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ትሰማለህ? ይህስ ከመቼ ወዲህ ነው? እያልሁ እጠይቃለሁ። መንፈስ ቅዱስ እንደሚፈውስ አምናለሁ፤ ክፉ መንፈስም እንዳለ አምናለሁ። ግን ሳምንት ሙሉ ያልተኛን ሰው ገና ሳንጠይቀው «ዛር ነው፣ መተት ነው» ብለን ስም ካወጣንለት፣ በሕመሙ ላይ ፍርሃት ጨመርንበት እንጂ አልረዳነውም።

ይህን ቅደም ተከተል የተማርሁት ከነቢዩ ኤልያስ ታሪክ ነው። ከኤልዛቤል ሸሽቶ በምድረ በዳ ሞቱን ሲለምን እግዚአብሔር አልገሠጸውም። መልአኩ ከእንቅልፉ ቀሰቀሰውና እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ በልቶ ጠጥቶ እንደገና ተኛ፤ ደግሞ ቀስቅሶ አበላው። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የተባለው ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ኮሬብ ከደረሰ ወዲህ ነው። የኢዮብ ወዳጆችም ቢሆኑ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ መልካም አደረጉ። የጎዱት የመከራውን ምክንያት ማስረዳት ሲጀምሩ ነው።

ከባዱ ጥያቄ የሞት ጥያቄ ነው። «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብዬ በግልጽ እጠይቃለሁ። መጠየቁ ሐሳቡን የሚያመጣ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ እንደዚያ አይደለም፤ ብቻውን ሲታገል ለኖረ ሰው መጠየቁ እፎይታ ነው። ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት አይደረግም ሲባል እየሰማ ያደገ ምእመን ሐሳቡን ከሌላው ሰው ይልቅ ከካህኑ ይደብቃል፤ ስለዚህ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ካህኑ ነው። አዎ ካለኝ በምን እንዳሰበ እጠይቃለሁ። ገመድ ወይም የተባይ መርዝ ቤቱ ካለ ያን ቀን ብቻውን አይሄድም። የንስሐ ምስጢር እንደማይወጣ አረጋግጥለትና ሕመሙን ግን ለእናቱ ወይም ለወንድሙ፣ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ በራሱ አንደበት እንዲነግር እለምነዋለሁ። ከዚያ አብረን ወደ ሐኪም እንሄዳለን።

ስለ ጠበልና ስለ መድኃኒት የምለው ብዙ ነው። ወደ እንጦጦ ማርያም፣ ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ፣ ወደ ጻድቃኔ ማርያም የሚሄዱ የንስሐ ልጆች አሉኝ፤ ባርኬ እሸኛቸዋለሁ። ከመሄዳቸው በፊት ግን ኪኒናቸውን መያዛቸውን አያለሁ። «መድኃኒት እየወሰድህ ጠበል አይሠራልህም» የሚለው ወሬ ሰው ይገድላል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መድኃኒቱን በድንገት ሲያቋርጥ ሕመሙ ያለ ፋታ እየደጋገመ ሊጥለው ይችላል፤ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። ሊቲየም የተባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ በጾምና በፀሐይ የሰውነቱ ውኃ ሲቀንስ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ በዝቶ ሊመርዘው ይችላል። ስለዚህ ሱባኤ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር እላለሁ፤ ሥርዓታችንም ለታመመ ሰው ጾምን ያቀልላል። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር ይላል፤ ሐኪምን የፈጠረውም መድኃኒትን ከምድር ያወጣውም እግዚአብሔር ነው ብሎ ያስተምራል። በ1999 ዓ.ም. የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ ሲያስተምሩ የብዙ ሰው ሕይወት ተርፏል ብዬ አምናለሁ። ያ ትምህርት ለአእምሮ ሕሙማንም መነገር አለበት።

ሕመምተኛን በሰንሰለት ማሰርን አልቀበልም። አስታማሚ ሲጨንቀው እንደሚያስር አውቃለሁ፤ ሌት ተቀን ልጇን ስትጠብቅ በደከመች እናት ላይ አልፈርድም፤ እርስዋንም የሚተካት ሰው ከአጥቢያው ምእመናን እንፈልጋለን። ሕመምተኛን በካሜራ ፊት አቁሞ ማስጮህና ቪዲዮውን መበተን ግን ሌላ ነገር ነው። ያ ሰው ነገ ተሽሎት ሥራ ይፈልጋል፣ ትዳር ይፈልጋል፤ ጩኸቱ ግን በየስልኩ ይዞራል። ይህ አገልግሎት አይደለም።

ካህናት አባቶቼና ወንድሞቼ፣ በአጥቢያችሁ ቅርብ ወደሆነው ጤና ጣቢያ ሂዱና የአእምሮ ሕሙማንን የሚያየውን ባለሙያ ተዋወቁት፤ ስልኩን ያዙ፤ የእናንተንም ስጡት። የንስሐ ልጃችሁ በሌሊት ሲደውልላችሁ ማንን መጥራት እንዳለባችሁ ከአሁኑ እወቁ። ከሐኪም የተሰጠውን መድኃኒት ግን ተወው አትበሉት።