ከተማ ለመቆርቆር ስንት ራም ይበቃል?

የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ከተማ የሚገነባበት ጌም ጫንልኝ» አለኝ። ኮምፒዩተራችን ደግሞ ተከፍቶ እስኪነሳ አቦሉ ተጠጥቶ ቶና ይደርሳል።

እናላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው «ሲቲስ ስካይላይንስ 2» ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራምና ጠና ያለ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል፤ አይታሰብም! የመረጥኩለት የ2003ቱን «ሲምሲቲ 4» ነው። 128 ሜጋባይት ራም ይበቃዋል። ቦታው ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ተብሎ የተከፈለ ስለሆነ፣ ትንሹን ለያዘ ሰው አሮጌ ኮምፒዩተርም ብዙ አያቃስትም። ውሃው፣ መብራቱ፣ ቆሻሻው ሁሉ ያሳስባል፤ ግብር ከበዛ ነዋሪው ጥሎ ይሄዳል። ለልጅ ጥሩ አስተማሪ ነው።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ልጁ መንገድ ሊያሰፋ ብሎ ቡልዶዘሩን ነካና አንድ መንደር ጠራረገ። ከበጀቱ የጎደለው የማፍረሻው ሂሳብ ብቻ ነው፤ ካሳ የለ፣ ምትክ ቦታ የለ።

«ሰዎቹስ የት ገቡ?» አልኩት።

«ኧረ ጋሼ፣ ጌም እኮ ነው!»

የተወለድኩበት ሰፈር ሲፈርስ ቆሜ ያየሁ ሰው ነኝና ሳቁ አልመጣልኝም። ጌሙን ጫኑላቸው፣ ደግ ነው። ግን አጠገባቸው ቁጭ በሉ፤ «ሰዎቹስ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።